ዳገት ላይ የሚጠፋ ሞተር

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የቀራቸው ነገር ቢኖር ደብረ ማርቆስ ያለው ሰፊ ግቢና አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ነበር። የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መቁጠር ካቆመ ቆይቷል። ግቢው ውስጥ ድምፅ የሚሰማው መኪናው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው።

ሹፌሩን ቢያድግልኝን የቀጠሩት አምና ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሥራውን ይወዳል። ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ድንች ጭኖ ይመለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይዘገያል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ያው ነው።

«እትዬ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። የናፍጣ ፊልትሮው ሳይደፈን አልቀረም።»

«በጥቅምት ቀየርነው አይደል እንዴ?»

«መኪናው አርጅቷል። ታንኩ ዝገት ይዟል፤ ቶሎ ቶሎ ይደፍነዋል። አንድ ቀን እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢያዩት ይሻላል።»

«እኔ ደግሞ የት አባቴ ልሄድ!»

ከቤተ ክርስቲያን አልፈው ከሄዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳቸው። ናፍጣውን እየቀዳ ይሸጥብኛል ብለው ጠረጠሩ። የሚያማክሩት ሰው ስለሌላቸው ጥርጣሬው በየቀኑ ገዘፈ። እንዳያባርሩት ደግሞ፣ በዚያ ግቢ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» የሚላቸው እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ አዲስ ፊልትሮ ራሳቸው ገዙ። መካኒኩ ሲገጥመው አጠገቡ ቆመው አዩ። ቅዳሜ ማለዳ ነጠላቸውን ደርበው ጋቢና ወጡ።

«ዛሬ ከጠፋ ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ከከተማው እንደወጡ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ቢያድግልኝ መስታወቱን ዘጋላቸው።

«እትዬ፣ ልጅ የለዎትም?»

«የለኝም።»

«ጨርሶ?»

«የለኝም አልኩህ! መንገድህን እይ!»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መኪናው ዳገቱን ያዘ። አንዴም ሳይንተፋተፍ ወጣ፤ ወጣ። አናቱ ላይ ሊደርስ ሲል፣ ለብቻዋ ከቆመች የቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን የሹፌሩን እጅ አይተውታል።

«በገዛ እጅህ ነው ያጠፋኸው!»

«አዎ፣ እትዬ።» ቁልፉን ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አኖረ።

ንዴት ይመጣል ብለው ሲጠብቁ የመጣው ሌላ ነው። ከነገ ጀምሮ ግቢያቸው እንዴት ጭር እንደሚል ታያቸው።

«ናፍጣዬን ለማን ነው የምትሸጠው?» ድምፃቸው ተሰበረ።

«አንዲት ጠብታ አልሸጥኩም።»

በሩን ከፍቶ ወረደ። ከቤቱ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ «አባባ!» እያለች ሮጣ ወጥታ ጉልበቱን አቀፈች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አሁን ገባቸው።

«ለካ ሚስትህ ዘንድ ነው የምትቆመው! ዓመት ሙሉ በፊልትሮ ስታሞኘኝ! ምን ብትሆን ነው የደበቅካት? ጥራት እስቲ፣ ልያት!»

ቢያድግልኝ መጥራት አላስፈለገውም። ድምፃቸውን ሰምታ አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ወደ ጋቢናው ቀና ብላ አየችና ባለችበት ቀረች።

«እማዬ» አለች።