ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ብሎኑ ዞረ እንጂ አልነከሰም። ልጅቷ ወደ ግራ መልሳ እንደገና ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ያው ነው፣ ጫፉ ልስኑን ይጭራል እንጂ አይገባም። ልጅቷ ስንል ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ብሎን ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ የምታወጣ ሴት ናት። እዚህ ቤት ግን ዛሬም ልጅቷ ናት።

አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩአታል። ግንበኛ ነበሩ፤ ይህን ግድግዳም በገዛ እጃቸው ነው የገነቡት። አሁን እርጥበት ስቦ ሳል ጥሎባቸዋል። ታላቅ ወንድሟ አንዴ “ይፍረስ” ብሏል፣ ብሏል ነው፤ ዛሬ አፍራሾቹን ይዞ እየመጣ ነው። አባቷ “እኔን ከነግድግዳዬ አፍርሱኝ” ብለው ከማሉ ወዲህ እሳቸውና ወንድሟ በወጉ ተነጋግረው አያውቁም።

መሃል የገባችው እሷ ናት። “አይፈርስም፤ ከፊቱ ጣውላ እናቆማለን፣ በመሃሉ አየር ይመላለሳል” አለች። ወንድሟ ሳቀ። “እንግዲያው ስመጣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካገኘሁት ሰዎቹን እመልሳለሁ” አለ።

ለዚህ ብላ የነደፈችው ብሎን ጫፉ ግድግዳውን ይነክሳል፤ አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ደግሞ ጣውላው የሚመታበትን ቋሚ እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ይይዛል። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ሞራሌው ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይርቃል። ሞራሌውን ለማስተካከል ከኋላ ስንጥር መወተፍ ቀረ ማለት ነው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳት እሷና ትራሷ ናቸው የሚያውቁት።

ጥፋቷ ግድግዳውን አለመለካቷ ነው። በግንበኛ ፊት የግንበኛን ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ቱምቢ ጥሎ ማየት ሰውየውን ከመስደብ አይተናነስም፤ የግንበኛ ልጅ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ “ክፍተቱ ስንት ይበቃል አባባ?” ብላ ጠየቀች። “ክር የመሰለ ግድግዳ ነው፤ ሦስት ጣት ክፍተት ይበቃሻል” አሏት። ብሎኖቹን ሁሉ እኩል አስቆረጠች።

ጉዱ የወጣው ዛሬ ቁም ሳጥኑ ሲነሳ ነው። ያ ቁም ሳጥን ከዚያ ጥግ ተነቃንቆ አያውቅም። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ይሁንልኝ እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለምነዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ “እግሩ ይሰበራል” ነበር። ከጀርባው ግድግዳው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ሙሉ ቡጢ ይውጣል። የቀረው ቦታ ሁሉ ጣውላ ለብሶ ይህች ጥግ ብቻ አፏን ከፍታለች።

ስልኳ ጮኸ።

“መታጠፊያው ላይ ደርሰናል” አለ ወንድሟ። “ቆመ?”

“ሊቆም ነው።”

“ቆመ እና ሊቆም ነው አንድ አይደሉም” ብሎ ዘጋው።

መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ከቆመችበት በርጩማ ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች፣ ብሎኖቹ ያሉበትን ጣሳ ወለሉ ላይ ገልብጣ በጣቶቿ ፈተሸች። ሁሉም እኩል ናቸው። “ግድግዳው ጎድጉዷል” ብሎ መናገር የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር፤ አባቷን ቀና ብላ ስታይ ግን ሌላ ቃል ከአፏ ወጣ።

“ጥፋቱ የኔ ነው አባባ” አለች። “አሳጥሬ ነው የነደፍኳቸው።”

አባቷ የፍራሹን ጫፍ በእጃቸው ዳበሱ።

“የጨነቀው እርጉዝ ያገባል” አሉ እናቷ ከበሩ ላይ። “በቃ ስንጥር ወትፊበት።”

“እማማ! ስንጥር እንዳይወተፍ አይደል እንዴ ይህን ሁሉ የደከምኩት!”

አባቷን አሳላቸው። ሳሉ ሲለቃቸው እጃቸውን ፍራሹ ስር ሰደው አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጡና ፈቱት። ውስጡ ሦስት ረጃጅም ብሎኖች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ሙከራዋ፣ ፋብሪካ ውስጥ “ቀጭኔ” እያሉ የሳቁባቸው። ልትጥላቸው ስትል “ብረት አይጣልም” ብለው የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። እሷ የሽማግሌ ነገር መስሏት ነበር።

“እስቲ በዚህ ሞክሪ” አሉ፣ ወለሉን እያዩ።

“ያውቁ ነበር?”

“ስገነባው ነው ያወቅኩት። የገነባሁበት ክር ላልቶብኝ ነበር። ነገ አፍርሼ አስተካክለዋለሁ አልኩ፤ በነጋው እናትሽ ዕቃዋን ጭና ከተፍ አለች።”

“ሳይደርቅ በእርጥቡ ሲባል አልሰማህም፣ የልጆቼ አባት?” አሉ እናቷ።

“ደረቀ። ከደረቀ በኋላ ደግሞ እንዴት ይነገራል?”

ልጅቷ አንዱን ረጅም ብሎን ከታች አስገብታ አጠበቀች፤ ግርር ብሎ ገባና ነከሰ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ከዚያ ውሃ ልኩን ሞራሌው ላይ ደግፋ፣ ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለቻቸው። አረፋዋ ዋለለች፣ ዋለለችና መሃል ላይ ቆመች። ውጭ የመኪና በር ተዘጋ።

የመጨረሻውን ጣውላ አንስታ ልትገጥም ስትል አባቷ “ቆዪ” አሏት። ተነስተው መጡና በሞራሌዎቹ መሃል እጃቸውን ወደ ጎድጓዳው ሰደዱ። ሳያዩ ነው መዳፋቸው ቦታውን ያገኘው። ትንሽ ቆይተው አወጡትና አቧራውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

“ግጠሚው” አሉ።

ገጠመችው። ቤቱ ውስጥ ያለ አንድም ግድግዳ እንደዚህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። በሩ ተንኳኳ፣ የወንድሟ ድምፅ ተሰማ። አባቷ ወደ በሩ አላዩም፤ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

“ቁም ሳጥኑን መስኮቱ አጠገብ ነበር አይደል ያልሽው?”

በሩ እንደገና ተንኳኳ። እናቷ መስኮቱ ስር የነበረውን ወንበር በሁለት እጃቸው አንስተው ቀስ ብለው ወደ ጎን አደረጉት።