ከስር ሁለት ጊዜ

አባባ ሞተር ሲገጥም ከመኪናው ስር ተኝቶ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ያዞር ነበር። አያወራም፤ አንድ ጥርስ ባዞረ ቁጥር ብረቱን በመፍቻው ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። እሱ ከሞተ ወዲህ ከስር የምትገባው እህቴ ናት፤ እሷም እንደሱ ታንኳኳለች።

እማማን ነገ ሐኪም ቤት የምናደርሳት ዛሬ ማታ ሞተሩን በምንገጥምለት በዚሁ መኪና ነው። ክራንኩ ሲዞር ከላይ አብሮ እየዞረ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ። የጥገና መጽሐፉን ሦስቴ ባነብም እጄን አላመንኩትም።

«እስቲ ምሁሩ፣ የባሕር ማዶ ትምህርትህን ዛሬ እናየዋለን» ብላ እህቴ እየሳቀች ከስር ገባች።

ሞተሩ ላይ ተደፍቼ ዓይኔን ካምሻፍቱና ሞተሩ ላይ ካሉት፣ መግጠም ካለባቸው ሁለት ምልክቶች ሳልነቅል «ጨምሪ» እላለሁ። ካምሻፍቱ ይዞራል፤ ኳ ኳ። «ጨምሪ።» ኳ ኳ።

ምልክቶቹ ሊገጥሙ አንድ ጥርስ ሲቀር የግቢው በር ተከፈተ። እህቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ገባች።

«ገና ከመግባቴ መብራቱ ጠፋብኝና ጎረቤት ልዋስ ሄድኩ፤ እነሱ ደግሞ ወሬ ከያዙ አይለቁ። መቼም ያለኔ አልጀመርክም አይደል?»

ጣቴ ካምሻፍቱ ላይ ነበር። ከጣቴ ስር ቀስ ብሎ ዞረ፤ ምልክቶቹ ልክክ ብለው ገጠሙ።

ከስር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።