ሰባት ቁጥር

«የተነፈሰው ምንድን ነው?» ትላለች ሐኪሟ፣ የወንድሜን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልጣ በባትሪ እያየች።

«ሰባት ቁጥር» እላታለሁ።

«ስሙን ነው የጠየቅሁህ።»

ስሙን ከየት አባቴ ላምጣው? የማጽጃ ፋብሪካችን፣ ፋብሪካ እንበለው እንጂ ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ ማጽጃውን ከምን ከምን እንደሚቀምም ከወንድም ጋሼ በቀር የሚያውቅ የለም። በርሜል ሲገባ ራሱ ምላጭ ይዞ የተለጠፈበትን ወረቀት ይፍቅና ያቃጥለዋል፤ ከዚያ በቀለም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የራሱን ቁጥር ይጽፍበታል። አስመጪውን የሚያውቀው እሱ፣ የሚለካው እሱ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው እሱ። ሠራተኞቹ በሌለበት «ቁልፌ» ይሉታል። ቅመማዬ ከወጣ ገበያዬን ይቀሙኛል ብሎ ጥላውን እንኳ አያምንም። ዛሬም ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን ከሰባት ቁጥር በርሜል ሲቀዳ ነው የወደቀው፤ በሩን ሰብሬ ጎትቼ አወጣሁት።

ሐኪሟ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛለች፤ የመርዝ መረጃ ክፍል ሰው መስመር ላይ ነው።

«ስማኝ፣ የኬሚካል ስም በየአገሩ፣ በየነጋዴው ይለያያል። መለያ ቁጥሩ ግን የትም ቢሄዱ አንድ ነው። በሰረዝ የተከፋፈለ ረጅም ቁጥር በርሜሉ ላይ ይኖራል። እሱን አምጣልኝ፣ ማርከሻ ካለው አሁኑኑ እሰጠዋለሁ።»

«ተፍቋል።»

«ማን ፋቀው?»

በአገጬ ወደ አልጋው አመለክታለሁ።

«ሽታውስ?»

«እኔን አይጠይቁኝ ዶክተር፣ አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ። ዝም ብለው በግምት አይሰጡትም?»

«ከአንዱ መርዝ የሚያድነው መድኃኒት በሌላው የተመረዘውን ይጨርሰዋል። በግምት አልሰጥም።»

ደሜ ይፈላል። ስንት ዓመት አብሬው ለፍቼ፣ አንድ ጡት ጠብተን አድገን፣ አንዲት ስም! ልጮህበት እፈልጋለሁ፤ ከንፈሩ መጥቆሩን ሳይ ደግሞ አንጀቴ አይችልም።

ዓይኑን ይገልጣል።

«ወንድም ጋሼ! ሰባት ቁጥር ምንድን ነው? ስሙን ብቻ ንገረኝ። አንተን ይንሳኝ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም!»

ያየኛል። ለይቶኛል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሐኪሟ፣ በተከፈተው በር በኩል ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ወደሚጠብቁት ሰዎች ይሄዳል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አፉ ላይ እደቅናለሁ።

«በሩን ዝጋ» ይለኛል።

እሮጣለሁ። በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ተመልሼ እደፋበታለሁ።

«ዘግቼዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ማንም አይሰማም።»

ጆሮዬን የሚነካው ትንፋሽ የለም። ሐኪሟ በክንዷ ገፍታኝ ደረቱን መጫን ትጀምራለች። ትጫናለች፣ ትጫናለች። ስልኩ ፍራሹ ላይ ወድቋል፤ የሰውየው ድምፅ ከውስጡ «ሄሎ? ቁጥሩን አገኛችሁት?» ይላል።