ስም የሌለው ሙሾ

«ስሟ የት ሄደ?» እላለሁ። ከወንበሩ ተነሥቻለሁ።

«እማማ ቻይነሽ፣ እስቲ ይቀመጡ፤» ይላል አቶ ደረሰ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«አልቀመጥም። ድገሚው ልጄ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው አደይ ትደግመዋለች። ድምፄ ይመጣል፤ ዋይታው አለ፣ ደረት ሲመታም ይሰማል። ከዚያ «የኔ እናት ያምሮት፣ የቻላቸው ልጅ» ሊል ሲገባው ዘልሎት «መንገዱ ቢዘጋ ቀረሽ ወይ ከደጅ» ይላል። ማን ናት የቀረችው? ድመት ናት? እግዚኦ!

እኔ አልቃሽ ነኝ። ጅጋ ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ሙሾ አውርጃለሁ። ያምሮትን ምጥ የያዛት ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ፣ እዚያው መንገድ ዳር አለፈች። ለቅሶዋ ላይ ያልኩትን አንዱ በስልክ ቀድቶት ኖሯል፤ ከስልክ ስልክ ሲዞር እዚህ ደረሰ። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ከየአገሩ ዜማ ለቅመው ወደ ሰማይ ሊልኩ ነው አሉ፤ ከከዋክብት ወዲያ ሰሚ ካለ የሰው ልጅ ምን እንደሚመስል ይስማ ብለው። ከእኛ አገር ኮሚቴው የመረጠው ይኼን ነው።

ዝም ብዬ እሺ አላልኩም። አባቷን ቻላቸውን ሄጄ ጠየቅሁት። «ስሟ ከተጠራ ይሂድ» አለኝ። ያንን ቃል ይዤ ነው ዛሬ ለፈቃዱ ወረቀት ጣቴን ልነክር የመጣሁት። እነሱ ግን ልጅቱን ነቅለው ጥለዋታል።

«ነገሩ እንዲህ ነው፤» ይላል አቶ ደረሰ። «ዜማዎ የሚቆመው ለሰው ልጅ ሁሉ ነው። የአንድ ሰው ስም ከገባበት የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። የመንገዱን ነገር እንኳ አልነካንብዎትም።»

«እኔ የሰው ልጅ የሚባል ሰው ቀብሬ አላውቅም። የቀበርኩት ያምሮትን ነው።»

«ሰሚዎቹ እኮ እነማን እንደሆኑ አይታወቅም። አማርኛም አይችሉ። ስም ቢጠራ ባይጠራ ለእነሱ ምን ይለውጣል?»

«ካልለወጠ ለምን አወጣኸው?»

እስከ አሁን አንቱ ስለው ነበር። አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ አልመለስኩትም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? እኔ ሞኝ አይደለሁም።

በእኛ አገር አልቃሽ አፏን ሳትከፍት በፊት ቤተ ዘመዱን ትጠይቃለች፤ ስሙ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ስም ካልተሰጣት ቁጭ ትላለች። ስም የሌለው ሙሾ ሟች ፍለጋ ይዞራል። ልጆች እንኳ ለጨዋታ ብለው ሙሾ ሲያወርዱ ከተሰሙ «ማንን ልትጠሩብን ነው!» ተብለው ይገረፋሉ። ይኼ ሰው ደግሞ የማንም ያልሆነ ሙሾ በሰማዩ ሁሉ ሊለቅብን ነው!

«እሺ፤» እላለሁ። «የእሷ ስም ካልሆነልህ ሌላ እንተካበት። መቅጃውን ክፈቺው ልጄ። የአባትህ ስም ማን ነበር?»

«አንዷለም፤» ይላል ሳያስበው።

ነጠላዬን አወርድና ወገቤ ላይ እታጠቀዋለሁ። ደረቴን አንድ ጊዜ መታ አደርጋለሁ።

«የኔ ጌታ ደረሰ፣ የአንዷለም ልጅ…»

«ኧረ በማርያም! ኧረ ይተዉ!» ወንበሩ ከኋላው ይወድቃል። ሁለት ዲግሪ አለው ይላሉ፤ በሁለቱም ፋንታ ሦስት ጊዜ ያማትባል። አደይ መቅጃውን እሳት እንደነካው ሰው ትለቀዋለች።

«እናቴ በሕይወት አለች እኮ፣ እማማ!» ድምፁ ተሰብሯል። «ይኼን ብትሰማ ምን ትላለች?»

«የያምሮትም እናት አለች።»

ወንበሩን ያነሣዋል፣ ግን አይቀመጥበትም። አደይ አንገቷን ደፍታ ማሽኑን ትነካካለች።

«መልሺው፤» ይላታል።

አልጠፋም ነበርና ትመልሰዋለች። የኔ እናት ያምሮት፣ የቻላቸው ልጅ። አሁን እቀመጣለሁ።

አቶ ደረሰ ወረቀት ይስባል። ከዜማው ጋር የሚሄድ ቅጽ ነው ይለኛል፤ ስም የሚጠራ ከሆነ ማንነቱ ይሞላል። «ያምሮት ቻላቸው» ብሎ ይጽፍና ብዕሩን ይዞ ያየኛል። «የታወቀችበት ነገር… ምን ልበል?»

«የታወቀችበት!» ንዴቴ እንደገና ይነሣል። «ጻፍ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጅጋ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። የተበላሸውን ከላይ ነው የምትደረድረው፣ ገዢ ተታለልኩ እንዳይል። በዚህ የተነሣ ባሏ ሲጨቃጨቃት ይኖራል። ድምፅዋ ለዘፈን አይረባም፤ ሰርግ ቤት ግን ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። ዜማውን አበላሽታ ታወጣዋለች፣ ተቀባዩ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ጻፍከው?»

«እየጻፍኩ ነው።» ጎንበስ ብሎ፣ ፊደሉን እያሳነሰ ይጽፋል። «መስመሩ አለቀ፣ እማማ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የሰጡን።»

«ገልብጠው።»

ይገለብጠዋል። ስለ ሳቋ እጀምርለታለሁ።