የመብራቱ ጩኸት

«ፍሬኑ ግሏል» ይላል ወንድሜ በሬዲዮው። «በማርሽ ብቻ ነው የያዝኩት። እንዳትቆሚ፤ እኔ መቆም አልችልም።»

«እሺ ጋሼ» እላለሁ። ወዲያው ጉም ውስጥ እንገባለን። የፊት መብራቱን ሳበራ ሬዲዮው መንጫጫት ይጀምራል።

የጋለ ዘይት ውስጥ ውሃ ሲጨመር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ከፍ የሚለው ጩኸቱ ብቻ ነው። ማይኩን ተጭኜ «ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?» እላለሁ፤ ከጩኸቱ ሥር የወንድሜ ድምፅ የለም።

እሱ በከባድ መኪና ትራንስፎርመር ጭኖ ከኋላዬ ይወርዳል። እኔ በፒክአፕ ከፊት ከፊቱ እሄዳለሁ። ጭነቱ ሰፊ ስለሆነ መታጠፊያዎቹ ላይ ሙሉውን መንገድ ይይዛል፤ የእኔ ሥራ መንገዱን እያየሁ ከፊት የሚመጣ ካለ መንገር ነው። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ገደል፤ መሸሻ የለም። ስልክ እዚህ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም።

«አጥፊው» ይላል አጠገቤ የተቀመጠው ኤሌክትሪሺያን። ብሎን ነው የምንለው፤ ምንም ነገር ቢጠግን ኪሱ ውስጥ የሚተርፍ ብሎን አይጠፋም።

«ሬዲዮውን?»

«መብራቱን። አንዴ ብቻ።»

አጠፋለሁ። ጩኸቱ ቀጥ ይላል። የአስፋልቱ ጠርዝም አብሮ ይጠፋል። አበራለሁ። ጠርዙም ጩኸቱም ይመለሳሉ።

«ብሎን፣ ምንድነው ያደረግከው?»

ጉልበቱን ያሻሻል። «ትናንት የገጠምኩልሽ አዲሱ አምፖል እንደ ድሮው ክር የለውም። ጋዝ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየዘለለ ነው የሚያበራው። ለዚያ ደግሞ ትንሿ ሳጥን ከባድ ኃይል...»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ከሳጥኗ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ገመድ የተጠለፈ ሽቦ ለብሶ ነበር። ልክ እንደ ካልሲ። ከባትሪው ጀርባ አላልፍ ሲለኝ ገፈፍኩት።»

«ለምን እንደለበሰ አላሰብክም?»

«አይጥ እንዳይበላው መስሎኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ትናንት ግቢ ውስጥ ስንሞክረው ሬዲዮው ጠፍቶ ነበር። ሁለታችንም ያየነው ብርሃኑን ነው፤ የግቢው ግንብ ወተት መስሎ ሲነጣ ብሎን ወገቡን ይዞ ኮራ። አንቴናው የተተከለው የፊት መከላከያው ላይ ነው፤ ከቀኙ መብራት አንድ ስንዝር አይርቅም፤ ካልሲው የተገፈፈው ገመድ ጩኸቱን በቀጥታ ለእሱ ይሰጠዋል።

«የቸኮሌት ወረቀት አለኝ» ይላል አሁን። «ብልጭልጩን። ወርጄ ገመዱን ልጠቅልልበት።»

«ወዴት ነው የምትወርደው? ያ ሁሉ ብረት ከኋላ እየመጣ?»

ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

የኋላ ማሳያውን አያለሁ። ነጭ ነው። የወንድሜ መብራት አሮጌና ቢጫ ስለሆነ ጉሙ ይውጠዋል። ጀርባዬ ላይ ይሁን፣ ርቆ ይሁን፣ ወይም ከነአካቴው ከመንገዱ ወጥቶ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

መታጠፊያው አልቆ መንገዱ ለጥቂት ቀጥ ሲል መሪውን አጥብቄ እይዝና መብራቱን አጠፋለሁ።

«...የት ሄድሽ?» የወንድሜ ድምፅ ጥርት ብሎ ይገባል። እንዲህ ፈርቶ ሰምቼው አላውቅም። «ሚጢ፣ ጠፋሽብኝ እኮ።»

«አለሁ ጋሼ። መብራቱን ሳበራ ሬዲዮው እየጮኸ አንተን አያሰማኝም።»

«አብሪው።»

«ካበራሁ አልሰማህም እያልኩህ ነው።»

«አትስሚኝ። የእኔ መብራት ጉሙን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ገደሉ ከየት እንደሚጀምር የማየው ባንቺ ብርሃን ነው። እኔ እሰማሻለሁ፤ እስካሁን ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ብቻ አውሪ።»

«አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«አብሪው አልኩሽ።»

የቀኝ ጎማችን ጠጠር ይረግጣል። ብሎን የበሩን እጀታ ይጨብጣል። አበራለሁ፤ የገደሉ አፍ ከጎማው ሥር ነው። መሪውን ወደ ግራ እመልሳለሁ። ጩኸቱ መኪናውን ይሞላዋል።

ማይኩን እጫናለሁ። «ግራ ይታጠፋል ጋሼ። ረጅም ነው። ከፊት ማንም የለም።» እለቀዋለሁ። ጩኸት። እንደገና እጫናለሁ። «አሁን ቀኝ። ጠባብ ነው፤ ወደ ተራራው ተጠጋ።» ጩኸት።

«ለአንድ አፍታ አጥፊና እንስማው» ይላል ብሎን። «መኖሩን ብቻ።»

ከእሱ ይልቅ እኔ እፈልጋለሁ። ጣቴ ማብሪያው ላይ ሄዶ አርፏል። ያቺ አንድ አፍታ ግን ወንድሜን መታጠፊያው ላይ ብታገኘውስ?

«አይሆንም።»

«ባይኖርስ? በምን እናውቃለን?»

ብሎን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ይንበረከክና የኋላውን መስኮት በእጅጌው ይወለውላል። ትንፋሹ መልሶ ያደበዝዘዋል። ደግሞ ይወለውላል።

ከፊት ሁለት መብራቶች ከጉሙ ይወጣሉ። አውቶብስ ነው። ክላክሱን ተጭኜ፣ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ተራራው ጥግ እንዲጠጋ አመለክተዋለሁ። ሹፌሩ ግራ ተጋብቶ ያየኛል፤ ከዚያ ቦዩ ውስጥ ሁለት ጎማውን ያስገባና ይቆማል። አጠገቡ ሳልፍ መስታወት ላይ የተለጠፉ የተሳፋሪ ፊቶች አያለሁ።

«ጋሼ፣ አውቶብስ አለ። በግራ በኩል ቆሞልሃል። ወደ ገደሉ በጣም አትውጣ፤ ይበቃሃል። ቀስ ብለህ እለፈው።»

የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አድርጌ በተከፈተው መስኮት አዳምጣለሁ። የብረት ግጭት ድምፅ እጠብቃለሁ። አይመጣም። ደግሞ እጠብቃለሁ። ብሎን መወልወሉን ትቶ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፏል።

ሬዲዮውን መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ። ይንጫጫል። እስከጮኸ ድረስ መብራቱ በርቷል ማለት ነው፤ መብራቱ እስከበራ ጋሼ መንገዱን ያያል።

«ግራ ነው ጋሼ» እላለሁ። «ከፊት ባዶ ነው።»