እንጥል

ዲንኪቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እንጥል ቆራጩ ኦቦ ሶራ ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ብረታቸውን ከፈላው ውሃ አውጥተው በጨርቅ ያደርቃሉ። ልጄ ስታስል ድምፁ ከባዶ በርሜል የሚወጣ ይመስላል። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ኩፍኙ ፊቷ ላይ ከስሟል፣ ጉሮሮዋን ግን አልለቀቀም።

«አጥብቀሽ ያዣት» ይሉኛል አዮ ዱረቲ፣ የባለቤቴ የሊባን እናት። «ትንፋሿን የዘጋው እንጥሏ ነው። ሊባንም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ኦቦ ሶራ ቆረጡለት፣ ዳነ። ይኸው ዛሬ በሬ አክሎ ሻኪሶ ወርቅ ይቆፍራል!»

ይህን ወሬ ከተዳርኩበት ቀን ጀምሮ እሰማዋለሁ። ነገሌ ውስጥ አንድ ልጅ አሳለ ከተባለ አዮ የሊባንን እንጥል ሳያነሡ አያድሩም። ሊባን ራሱ ግን ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አይነሣም። ስለዚህ ልጄን የምይዘውም፣ ብትሞት የምወቀሰውም እኔ ነኝ።

ኦቦ ሶራ ዘንድ ደንብ አለ። ልጁን እናቱ ካልያዘችው ብረት አያነሡም፤ አባትም አያትም ቢይዙ አይሆንም። ደንቡን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ለእናት ግን አላዘነላትም።

በሩ ድንገት ይከፈትና ሚልኪ ትገባለች፤ የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ሰላምታ ሳይሰጡ ሰው ቤት መግባት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ዛሬ ግን «ናጋ» እንኳን አላለችም።

«ለኪ፣ ተዪ! ፎዚያ፣ እንዳታስነኪያት!» ትላለች እያለከለከች። «ኩፍኙ የጉሮሮዋንና የአየር ቧንቧዋን የውስጥ ሽፋን ልጦታል። አቧራውንም ጀርሙንም የሚያስቀረው እሱ ነበር። እዚያ ላይ ሌላ ቁስል ከጨመራችሁባት ደሙ ያንቃታል።» ከቦርሳዋ ዘይት የያዘ ቀይ እንክብል ታወጣለች። «ይሄ ቫይታሚን ኤ ነው። ሰውነቷ ሽፋኑን መልሶ የሚሠራው በዚህ ነው። ድሮ ከወተቱና ከቅቤው ታገኘው ነበር፤ ከብቱ በድርቁ ካለቀ ወዲህ ከየት ታምጣው?»

«በዘይት ጠብታ ልጅ ልታድኚ?» ይላሉ አዮ።

«በእሱ ብቻ አይደለም። አተነፋፈሷ አላማረኝም፤ ይህን ትውጥና አሁኑኑ ሆስፒታል እንወስዳታለን። ባጃጅ ውጭ አቁሜያለሁ።»

«ትድናለች?» እላታለሁ።

ሚልኪ እጇን የዲንኪቱ ደረት ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ «እርግጠኛ አይደለሁም» ትለኛለች። በዚያች ቅጽበት ጠላኋት። ብትዋሸኝ ምን ነበረበት?

«ሰማሽ አይደል?» ይላሉ አዮ። «የእኛ ግን የታወቀ ነው። ያዣት ኢንተለ ኮ፣ ያዣት ልጄ።»

ኦቦ ሶራ ጠፍጣፋዋን እንጨት ዲንኪቱ ምላስ ላይ ይጫናሉ። ልጄ ታቃስታለች፤ እግሯ ሆዴን ይደበድበኛል። ቀይ ጉሮሮዋና መሃሉ ላይ የምትንቀጠቀጠው ትንሽ እንጥል ይታዩኛል። ያን ጊዜ ሌላ አፍ ትዝ ይለኛል። አምና ሊባን ጥርሱን አሞት ሲጮህ፣ በስልኬ መብራት አፉን የፈተሽኩት እኔ ነበርኩ።

«አዮ፣ ሊባን እንጥል አለው» እላለሁ።

የኦቦ ሶራ እጅ ባለበት ይቆማል።

«ምን ትላለች ይቺ?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሙሉ ነው። ማንም አልቆረጠውም።»

ኦቦ ሶራ እንጨቱን ከልጄ አፍ አውጥተው ወደ አዮ ይዞራሉ። «ዱረቲ» ይላሉ ዝግ ብለው፣ «እኔ የቆረጥኩት ታላቁን ነው። ሐዘንሽን ላለመቀስቀስ ብዬ ወሬሽን እያለፍኩት ኖርኩ እንጂ፣ ሊባንንማ መቼ አመጣሽልኝ?»

ታላቁን? ሊባን ታላቅ የለውም። የመጀመሪያ ልጃችን ነው ብለው ነው ለእሱ ያጩኝ።

አዮ ባሉበት ቁጭ ይላሉ። ሻርፓቸው ከራሳቸው ሲወርድ አያነሡትም። «ጭኔ ላይ ነው ያለፈው» ይላሉ። «አጥብቄ ይዤው፣ ደሙን እየዋጠ። ሊባን ሲታመምብኝ ደበቅኩት። ለአባቱ ዘመዶች አስቆርጬዋለሁ ብዬ ዋሸሁ። ያኔ ረቢ እንዲሁ ማረኝ። ሳላስቆርጥ ሁለተኛ ይምረኛል ብዬ እንዴት ልመን?»

አዝንላቸዋለሁ። ደግሞ ልጄን ለዚያው ብረት ሊሰጡብኝ ነበር። እጄን ከዲንኪቱ ጭንቅላት ላይ አነሣለሁ። «አልይዝም» እላለሁ። ኦቦ ሶራ አይከራከሩም፤ ብረቱን በጨርቁ ይጠቀልላሉ።

ሚልኪ የእንክብሉን ጫፍ በመቀስ ትቆርጣለች። ዲንኪቱ ግን ከእንጨቱ በኋላ ማንንም አታምንም፤ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች። እለምናታለሁ፣ አባብላታለሁ። ራሷን ስለምታወዛውዝ አገጯን እንኳን መያዝ ያቅተኛል። ደረቷ ከጎድኗ በታች ስርጉድ፣ ስርጉድ ይላል።

አዮ እየዳሁ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሌባ ጣታቸውን በጉንጯ በኩል ቀስ አድርገው አስገብተው አፏን ይከፍታሉ። ሚልኪ ሳሉ ጋብ እስኪል ጠብቃ ቢጫውን ዘይት ምላሷ ላይ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። ሁላችንም ጉሮሮዋን እናያለን።

ትውጠዋለች። ከዚያ የአዮን ጣት በጥርሷ ንክስ ታደርገዋለች።

«አዮ፣ ጣትዎን ያውጡ!» እላለሁ።

አያወጡም። እንባቸው እየወረደ ጣታቸውን እዚያው ይተዉታል።

«ተያት፣ ትንከሰኝ» ይላሉ። «ያኛው ለመንከስ እንኳን አቅም አልነበረውም።»