ዘፈን የተቀዳበት የኑዛዜ ካሴት

«ይሰማ! ካሴቱ ይሰማ አልኩ! ምን ያስፈራችኋል?»

የሚጮኸው ያደታ ነው... ቡራዩ፣ ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ አዛውንት ቴፕ መጠገኛ ቤት ውስጥ።

ትልቋን ልጁን ፌኔትን አስከትሎ መጥቷል። ፊት ለፊቱ እህቱ ገለቴ ካሴት በነጠላዋ ጠቅልላ ቆማለች።

አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ ሱሉልታ ያለውን ቤት ላስታመመቻቸው ለገለቴ ተናዘዋል። ቃላቸውም በካሴት ተቀድቷል።

ገለቴ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አልከፈተችውም... ድምፃቸውን መስማት አልቻለችም።

አሁን የሱሉልታ ቦታ ሲወደድ ያደታ «አባቴ እንደዚያ አላሉም፣ ቤቱ ይሸጥ!» ብሎ ተነሳ። ከምስክሮቹ በሕይወት ያለ የለም። ለእርቅ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ካሴቱን የሚሰማላቸው አንድ ሽማግሌ ከመካከላቸው ላኩ።

ኦቦ ደቻሳ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተቱና አጫወቱት።

ዘፈን!

ገለቴ ክው አለች። ያደታ ሳቀ።

«ይኸው ኑዛዜሽ... ጨፍሪበት!»

ኦቦ ደቻሳ አልሳቁም። የቴፑን ሄድ፣ የካሴቱን ክር የሚያነበውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጠረጉ። እንደገና ከፈቱት። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ።

«ከዘፈኑ ሥር ሰው ያወራል» አሉ።

«ቴፕዎ አርጅቶ ነው!»

«እኔን ስደበኝ፣ ቴፔን ግን ተው!»

ካሴቱን አውጥተው ጀርባውን አሳዩ።

«ይቺ ጥርስ የተሰበረችው ማንም ደግሞ እንዳይቀዳበት ነው። አንድ ሰው ግን ቀዳዳዋን በፕላስተር ደፍኖ ቀድቶበታል። አውቆ ነው! ደግነቱ የቀዳበት ቴፕ በደንብ አያጠፋም ነበር... ክሩ ጠርዝ ላይ የድሮው ተርፏል።»

በካቻቢቴ የሄዱን ቪቴ ትንሽ... ትንሽ አዞሩ። ዘፈኑ ራቀ። የሽማግሌ ድምፅ ቀጠን ብሎ መጣ።

«...ቤቱ የገለቴ ነው። ማንም እንዳይነካት...»

ገለቴ ተንሰቀሰቀች።

«ይሄ የአባቴ ድምፅ አይደለም!» አለ ያደታ። «ራሷ ናት ያስቀዳችው!»

ኦቦ ደቻሳ ቪቴውን መለሱና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አስኬዱት። ሲያልቅ የልጅ ለቅሶ ተሰማ... ከዚያ የጎልማሳ ቁጣ።

«ፌኔት፣ ዝም በይ! እየቀዳሁ ነው!»

ሁሉም ወደ ፌኔት አየ።

«ሱሉልታ ውስጥ ስንት ፌኔት አለ! ድምፁም የኔ አይደለም!» አለ ያደታ።

የተላኩት ሽማግሌ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ልጄ፣ እስቲ ዱጋ... እውነቱን ንገሪን። የማን ድምፅ ነው?»

ያደታ ጣቱን ቀሰረባት።

«አፍሽን ብትከፍቺ ልጄ አይደለሽም!»

ከፈተችው።

«የአባቴ ድምፅ ነው። የአያቴ ለቅሶ ሰሞን ካሴቱ እኛ ቤት ነበር። የማለቅሰው እኔ ነኝ።»

አዎ... ያቺ ፌኔት እኔ ነኝ። የዚህ ፔጅ አድሚን። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ቤቱ ለአክስቴ ጸና። አባቴ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ዘመዶቼ «አባቷን ያዋረደች» ይሉኛል።

ይበሉ!

ነገም ብጠየቅ ያንኑ እናገራለሁ። አባቴን እወደዋለሁ... በጣም እወደዋለሁ። ውሸቱን ግን አልወርስለትም!

ወላጅን ማክበር ማለት በደሉን መሸፈን አይደለም። ይሄንን ማንም ቢቆጣ ከአፌ አይነጥቀኝም።

እናንተስ... በገዛ አባታችሁ ላይ እውነት ተናገሩ ብትባሉ ትናገራላችሁ ወይስ ዝም ትላላችሁ? ሳታስመስሉ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።